ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማን እንደሚያነበን እያሰብን እንዴት እንቆይ

አሁኑኑ ቴሌግራማችሁን ክፈቱና ከላይ እስከ ታች እያንሸራተታችሁ ስንት ግሩፕ ውስጥ እንዳላችሁ እዩ። የቤተሰብ አለ፣ የሰፈር ልጆች አለ፣ የሀይስኩል ባች አለ፣ የመስሪያ ቤት አለ፣ የእድር አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ አለ፣ ማን እንዳስገባችሁ የማታውቁት የመኪና ሽያጭ ምናምንም አለ። አብዛኛውን መርጠን አልገባንበትም፣ አንድ ቀን አንድ ሰው አድ አረገንና በዛው ቀረን። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ በልማድ ነው፣ ስልኩ ሲጮህ እንከፍታለን፣ ያየነውን ፎርዋርድ እናረጋለን፣ ሰው ሲናደድ አብረን እንናደዳለን፣ እንዘጋለን።

እኔ ይሄን ልማድ መቀየር ይቻላል ብዬ አምናለሁ፣ ለዛም ከባድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከመጻፋችሁ በፊት "ይሄን ማን ነው የሚያነበው?" ማለት። ግሩፕ ስንል ስም የሌለው ብዙ ሰው ይመስለናል እንጂ እኮ እዛ ውስጥ ያሉት እትዬ እከሌ ናቸው፣ ጋሼ ናቸው፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሰራው የአክስታችን ልጅ ናት፣ ሜሪላንድ ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረው ወንድማችን ነው። እነሱን እያሰባችሁ ከጻፋችሁ ቀጥሎ የምለው ግማሹ በራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ ማጽዳት

ግሩፖቹን በሦስት ክፈሏቸው። የምናውቃቸውና የሚያውቁን ሰዎች ያሉበት፣ አንድ ነገር ለመማር ወይ ለመከታተል የገባንበት፣ ለምን እንዳለን የማናውቀው። ሦስተኛውን ዛሬውኑ ውጡ፣ ማንም አይቀየምም። ሁለተኛውን ሚዩት አርጉት፣ ስትፈልጉ ራሳችሁ ሄዳችሁ ታነባላችሁ። የመጀመሪያውን ለብቻው ፎልደር አርጉለት፣ ሴቲንግ ውስጥ "ቻት ፎልደርስ" የሚል አለ፣ "የኔ ሰዎች" ብላችሁ ስም ስጡትና ቴሌግራም ስትከፍቱ መጀመሪያ እሱን እዩ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ለውጡ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም የእናታችሁ ቮይስ ከሰላሳ የማስታወቂያ ፖስት ስር ተቀብሮ ሁለት ቀን ሳይሰማ መቅረቱ ያበቃል።

እግረ መንገዳችሁን "ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" ውስጥ ገብታችሁ ሦስት ነገር አስተካክሉ። ግሩፕ ውስጥ ማን ሊያስገባችሁ እንደሚችል "ማይ ኮንታክትስ" አርጉት። ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያያል የሚለውን "ኖባዲ" ወይ ኮንታክት ብቻ አርጉት፣ በተለይ ሴቶች፣ ትልቅ ግሩፕ ላይ አንድ ኮመንት ጽፋችሁ ማታ ከማታውቁት ሰው የሚመጣ ስልክ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው፣ ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የራሳችሁን ፓስወርድ የሚጠይቅ ማለት ነው፣ እሱን ክፈቱት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሰዓቱና ፊደሉ

የቤተሰብ ግሩፕ ዛሬ አንድ ሀገር ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ "እንደምን አደራችሁ" ብላችሁ ስትልኩ ዋሽንግተን ዲሲ ሌሊት 7 ወይ 8 ሰዓት ነው፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ሁሉም ሰው ነቅቶ የሚገኝበት ሰዓት ካስፈለጋችሁ እኛ ጋ ምሽት 2 ሰዓት ጥሩ ነው፣ አሜሪካ ምስራቁ ጋ ቀትር አካባቢ ይሆናል፣ አውሮፓ ያለው ከስራ ወጥቶ ወይ ሊወጣ ሲል ነው። ሌላ ሰዓት ላይ መላክ ካለባችሁ የሴንድ ምልክቷን ጫን ብላችሁ ያዙና "ሴንድ ዊዝአውት ሳውንድ" የሚለውን ምረጡ፣ መልእክቱ ይደርሳል ስልኩ ግን አይጮህም። እዛው ጋ "ስኬጁል" አለ፣ አሁን ጻፉትና ነገ በሰዓቱ ራሱ ይሄዳል። አረብ ሀገር ሰው ቤት የምትሰራ እህት ደግሞ ስልኳን የምታገኘው ማታ ስራ ሲያልቅ ሊሆን ይችላል፣ እሷ ገብታ 200 መልእክት አልፎ ስታገኘው እንዳትጠፋ ጠቃሚውን ነገር ፒን አርጉላት፣ ከላይ ተለጥፎ ይቆያታል፣ ወይ ስሟን ታግ አርጋችሁ "ላንቺ ነው" በሏት።

ፊደሉ ላይ ደግሞ፣ እባካችሁ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል አትጻፉት። እኛ ለምደነው እናነበዋለን፣ አባታችሁ ግን መነጽራቸውን አውልቀው እየመለሱ አንዷን ቃል ሦስቴ ይሞክሯታል ከዛ ይተውታል። ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ላይ አማርኛ አለ፣ ሴቲንግ ገብቶ መጨመር ነው። ማንበብ ለሚከብዳቸው ደግሞ ቮይስ ላኩ፣ ግን አጠር አርጉት፣ መጀመሪያ ላይ ለማን እንደሆነና ስለምን እንደሆነ ተናገሩ፣ "እማዬ፣ ስለ ሀኪም ቤቱ ቀጠሮ ነው" ብሎ የሚጀምር ቮይስ ይከፈታል። እና አንቱታውን አትርሱ፣ ፊት ለፊት "አንቱ" የምትሏቸውን ሰው ግሩፕ ላይ "አንተ" ብሎ መጻፍ ብዙ ታላላቆችን ዝም ያሰኘ ነገር ነው፣ አይናገሩትም ግን ከዛ በኋላ አይጽፉም።

የበዓል ቀን የሚላከውስ? ያቺ የሚያብለጨልጭ ጽጌረዳ ያለባት "መልካም በዓል" ፎቶ ከአስር ሰው ትመጣለች። እሷን ከመላክ አንድ ሰው መርጣችሁ በስሙ ጻፉለት። "ጋሽዬ እንኳን አደረሰዎት፣ ዘንድሮ እግርዎ እንዴት ሆነ?" የሚል አንድ መስመር ከሃያ ፎቶ ይበልጣል፣ ሰውየው ይመልሳሉ፣ ሌላውም ይቀጥላል፣ ግሩፑ ነፍስ ይዘራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ባች ከሆነ ደግሞ ኢድ ላይ ክርስቲያኖቹ፣ ፋሲካ ላይ ሙስሊሞቹ ቀድመው ይጻፉ፣ ይሄን የሚያደርጉ ግሩፖች አይቻለሁ፣ ደስ ይላል።

መርዶ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይሄ ነው።

በኛ ወግ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፣ ማን ይንገር ይባላል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል፣ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ደጋፊ ባለበት ይነገረዋል። ውጪ ሀገር ላለ ሰው ደግሞ እዛው ከተማ ያለ ጓደኛ ይደወልለታል፣ ሰብሰብ ብለው ከስራ እስኪወጣ ጠብቀው ቤቱ ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ያለምክንያት የመጣ አይደለም፣ ሰው ብቻውን ወድቆ እንዳይቀር ነው። አሁን ግን አንድ ሰው ግሩፕ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ፎቶ ለጠፈ ማለት ልጅየው ሀይዌይ ላይ እየነዳ፣ ልጅቷ የአሰሪዎቿ ኩሽና ውስጥ ቆማ የእናቷን ሞት ከስልክ ስክሪን ታነባለች ማለት ነው።

ስለዚህ ሀዘን ስትሰሙ እንዲህ አርጉ። ምንም አትጻፉ። ፕሮፋይል ወደ ሻማ ወይ ወደ ጥቁር አትቀይሩ፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፉ፣ ሰው ከሻማዋ ይገምታል። ለቅርቡ ቤተሰብ ደውላችሁ "ለማን ለማን ተነግሯል፣ ማን ቀረ?" ብላችሁ ጠይቁ። ያልተነገረው ሰው ያለበት ከተማ የምታውቁት ሰው ካለ ስልኩን ለቤተሰቡ ስጡ፣ ይሄ ከመቶ የሀዘን መግለጫ በላይ እርዳታ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው "አሁን ለሁሉም ተነግሯል" እስኪል ግሩፑ ዝም ይበል። አንዱ ቸኩሎ ከጻፈም አድሚን ወዲያው ያጥፋውና ሰውየውን በኢንቦክስ በትህትና ያስረዳው፣ አደባባይ ላይ አይሳደብ፣ እሱም ደንግጦ ነው።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ ቶሎ ስለሆነ ጊዜ የለም፣ እዛ ላይ በስልክ መደዋወሉ ይፍጠን እንጂ ግሩፕ ላይ መለጠፉ አይቅደም።

ከተነገረ በኋላ ግን ግሩፑ በጣም ጠቃሚ ነው። ቀብሩ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማንን ማግኘት እንደሚቻል አንድ መልእክት ላይ ጻፉና ፒን አርጉት። ከዛ ሁሉም "ነፍስ ይማር" ወይ "አላህ ይርሀማት" እያለ ሲደረድር እናንተ አንድ የምታስታውሱትን ነገር ጨምሩ፣ "እናትሽ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁሌ ዳቦ ይሰጡን ነበር" አይነት። ሀዘንተኛው ያንን ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ያነበዋል። እና አርባው አካባቢ ሰው ሁሉ ሲረሳ አንድ ቀን ጻፉለት ወይ ደውሉለት።

ፎርዋርድ ከማድረግ በፊት

ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ላይ ከላይ ከየት እንደመጣ ስሙ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ስሙን ነካ ስታረጉት ምንጩ ጋ ይወስዳችኋል። ቻናሉን እዩት፣ መቼ ተከፈተ፣ ሌላ ምን ይለጥፋል፣ የታወቀ ሚዲያ ስም ይዞ ከሆነ ሰማያዊ ምልክቷ አለችው ወይ። ፎቶ ከሆነ ጉግል ሌንስ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉት፣ ስንቱ "ዛሬ የተፈጸመ" የሚባል ፎቶ የሌላ ሀገርና የሌላ ዓመት ሆኖ ይገኛል። ለማጣራት ጊዜ ከሌላችሁ መላኩም ይቅርባችሁ፣ ማንም እናንተን የዜና ወኪል አላረጋችሁም። "ይሄን ለ10 ሰው ካላካችሁ" የሚለው ነገር ላይ ቃል አላባክንም።

ህጉም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማህበራዊ ሚዲያን በቀጥታ ይመለከታል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ግን እውነቱን ለመናገር ሰውን መጠበቅ ያለበት የህግ ፍርሀት አይመስለኝም። አንድ ሰፈር ተቃጠለ የሚል ወሬ ስትልኩ እዛ ሰፈር እናቱ ያለች ልጅ ግሩፑ ውስጥ አለ፣ እሱን አስቡት።

ሌላው ማጭበርበሩ ነው። የምታውቁት ሰው አካውንት ተጠልፎ "ቸግሮኛል በቴሌብር ትንሽ ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" የሚል ይመጣል። አትላኩ፣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። መጠለፉን ካረጋገጣችሁ ወዲያው ሁሉም የጋራ ግሩፖች ላይ ጻፉት፣ ደቂቃ ዋጋ አለው። የራሳችሁ አካውንት እንዳይወሰድ ደግሞ ቴሌግራም የሚልከውን የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ ለወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ፣ ወንድማችሁ የመሰላችሁ ሰው ወንድማችሁ ላይሆን ይችላል። ቱ ስቴፕ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ኮዱ ቢወጣ እንኳን ፓስወርዱን ስለማያውቁት መግባት አይችሉም። ለወላጆቻችሁም እናንተ ክፈቱላቸው፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉና አስቀምጡላቸው።

ጭቅጭቅ ሲነሳ

ከ2013 እስከ 2015 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ስንት የባች ግሩፕ ለሁለትና ለሦስት እንደተከፈለ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ዶርም የተኙ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ፊት ለፊት ቢገናኙ ያንን ቃል አይናገሩትም ነበር፣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠው ቢሆን አንዱ ሲቆጣ ሌላው ስኒውን ያቀብለዋል፣ ፊቱን ያየዋል፣ ዝም ይላል። ግሩፕ ላይ ፊት የለም፣ ስኒ የሚያቀብልም የለም፣ ሦስት መቶ ተመልካች ግን አለ። ችግሩ ያ ተመልካች ነው፣ ሰው ተመልካች ፊት መሸነፍ አይፈልግም።

ስለዚህ ዋናው ዘዴ ተመልካቹን መቀነስ ነው። የሆነ ሰው ያስቆጣችሁን ነገር ሲጽፍ ኢንቦክስ ግቡና "እንዲህ ያልከው ምን ለማለት ነው?" በሉት፣ ከተቻለ ደውሉ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ንዴት ስልኩ ላይ ይበርዳል። የሱን የኢንቦክስ መልስ ስክሪንሾት አርጋችሁ ግሩፕ ላይ አታምጡት፣ እሱን ያደረጋችሁ ቀን ማንም ሁለተኛ በግል አያወራችሁም። ግሩፑ ላይ መመለስ ካለባችሁ ደግሞ ሪፕላይ ብላችሁ የተባለውን ነገር ብቻ መልሱ፣ "እናንተ ሁሌም" የሚል ዓረፍተ ነገር ከጀመራችሁ አጥፉት፣ ከአንድ ሰው ጋር እያወራችሁ ሺህ ሰው አብራችሁ ሰደባችሁ ማለት ነው። ንዴት ላይ ሆናችሁ የጻፋችሁትን ደግሞ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ እንጀራ በልታችሁ ተመለሱና አንብቡት፣ አሁንም ትክክል ከመሰላችሁ ያኔ ላኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ኤዲት ያስደርጋል ግን ያነበበው ሰው ልብ ውስጥ ያለው ኤዲት አይደረግም።

ሁለት ሰው እየተጋጨ እናንተ ዳር ላይ ካላችሁ ሪአክሽን አትጫኑ። ያቺ እሳትና የሳቅ ምልክት ናት ነገሩን የምታቀጣጥለው። ይልቅ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ፈልጉ፣ የድሮ መምህር ይሁን ታላቅ የሆነ ሰው፣ ለሁለቱም እንዲደውል ለምኑት። ሽምግልናችን ቴሌግራም ላይም ይሰራል፣ ግን ሽማግሌው ግሩፑ ላይ ሳይሆን ስልክ ላይ መሆን አለበት።

ዝም የማይባልበት ቦታ ግን አለ። አንዲት ልጅ ሀሳቧን ጽፋ ስለ ሰውነቷ ወይ ስለ ትዳሯ ሲመለስላት፣ ወይ አንድ ሰው በብሄሩ ወይ በሀይማኖቱ ሲሰደብ በኢንቦክስ "አይዞሽ" ማለት አይበቃም። ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፣ "ይሄ ልክ አይደለም፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ" ብላችሁ፣ ከዛ እሷ ያነሳችውን ሀሳብ መልሱላት። ስድቡን ለመመለስ አትድከሙ፣ ሀሳቧ መልስ እንዲያገኝ አርጉ። ሦስት ሰው እንዲህ ካለ ተሳዳቢው ይቆማል፣ ማንም ካላለ ልጅቷ ትወጣለች፣ ከሷ ጋር ሌሎች አምስት ሴቶች ዝም ይላሉ።

ገንዘብ ሲሰበሰብ

ለታመመ ጓደኛ ማሰባሰብ ግሩፖቻችን ከሚሰሩት ሁሉ የሚያምረው ነው። ግን በስርዓት ይሁን። መጀመሪያ ታማሚውን ወይ ቤተሰቡን አስፈቅዱ፣ አልጋ ላይ የተነሳ ፎቶና የሀኪም ወረቀት ሰው ሳይፈቅድ አይለጠፍም። ሁለት ሰው ይመረጥ፣ አንዱ ሀገር ቤት ያለውን በባንክ ወይ በቴሌብር ይቀበላል፣ አንዱ ውጪ ያለውን ያሰባስባል። የገባውን ድምር በየተወሰነ ቀን ይጻፉ፣ የማን ስንት እንደሆነ ግን አይጻፍ፣ አምስት መቶ ብር የሰጠ ሰው አምስት መቶ ዶላር ከሰጠው ስር ስሙ ሲደረደር ሁለተኛ አይሰጥም። ገንዘቡ ሲደርስ ደረሰኙ ይታይ። በጉልበት የሚያግዙትንም አመስግኑ፣ ሆስፒታል የሚያድረውን፣ መድሀኒት የሚያፈላልገውን።

ለአድሚኖች

ህግ አጭር ይሁን፣ ሦስት አራት መስመር፣ ፒን ተደርጎ። ግሩፑ ትልቅ ከሆነ ቶፒክስ የሚለውን ክፈቱ፣ የስራ ማስታወቂያው፣ የሀዘንና የደስታው፣ ጨዋታው የየራሱ ክፍል ይኖረዋል። ጭቅጭቅ ሲግል ስሎው ሞድ አርጉ፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ማድረግ ይቻላል፣ ሰው በመልእክቶቹ መሀል መጠበቅ ሲኖርበት አስቦ ይጽፋል። ሰው ከማስወጣታችሁ በፊት በግል አናግሩት፣ ለተወሰነ ቀን እንዳይጽፍ ማድረግም ይቻላል። ቴሌግራም እስከ 200,000 አባል ይፈቅዳል፣ እሱ ግን ለናንተ ግብ አይደለም፣ ስሙን የምታውቁት ስልሳ ሰው ያለበት ግሩፕ ይበልጣል። አዲስ ሰው ሲገባ ማን እንደሆነ አስተዋውቁት፣ "የእከሌ ታናሽ ነው" ብላችሁ።

መውጣት ካስፈለገ

ሰው ሁሉ ግሩፕ ላይ መኖር የለበትም። የሚያስጨንቃችሁ፣ ከፍታችሁት ሁሌ ከፍቷችሁ የምትዘጉት ከሆነ ውጡ፣ የቤተሰብም ቢሆን። ግን ድንገት ጠፍታችሁ ሰው "ምን አስቀየምናት" እንዲል አታድርጉ። "ቴሌግራም ትንሽ ላሳርፍ ነው፣ በስልክ አለሁ፣ አስቸኳይ ነገር ካለ እህቴ ጋ ንገሯት" ብላችሁ ጻፉና አንድ ቀን ቆይታችሁ ውጡ። ለሁለት ሦስት ሰው ደግሞ ለብቻ ደውሉ።

ግሩፑን የከፈታችሁት እናንተ ከሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ባለቤትነቱን ለሌላ አስተላልፉ። አድሚን የሚሆነውን ሰው ስም ነክታችሁ ሁሉንም መብት ስትሰጡት ከታች "ትራንስፈር ኦነርሺፕ" የሚል ይመጣል። እሱ እንዲሰራ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽናችሁ ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሊሆነው ይገባል፣ ስለዚህ ለመውጣት ባታስቡም ዛሬ ክፈቱት።